ያልተጠየቁ አስታማሚዎች

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሳሪስ ገበያ አካባቢ የምትቆም ሚኒባስ አለች። ግራና ቀኝ ጎኗ ባነር ነው፤ የታመመ ልጅ ፎቶ፣ የሐኪሞች ቦርድ ወረቀት፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር። ድምፅ ማጉያው «እናቶች፣ አባቶች፣ የአቅማችሁን!» ይላል። ወጣቶች ካርቶን ይዘው በታክሲዎች መሀል ይሹለከለካሉ። የሰፈሩ ሰው እጁ አያጥርም፤ ሽንኩርት ልትገዛ የመጣችውም፣ ወያላውም ጣል ያደርጋሉ። በየጊዜው ባነሩ ላይ ያለው ልጅ ይቀየራል፣ ልመናው ግን ያው ነው፦ ሕንድ ወይም ባንኮክ መሄጃ። የምናዋጣው ለመዳን ነው። የማይድን ልጅ የቀሩትን ሌሊቶች ሳያቃስት እንዲያድር፣ እናቱ ሥራ ቀርታ ከጎኑ እንድትሆን ሲዋጣ አላየሁም። ለዚህ ባነር የሚያሠራም ያለ አይመስለኝም።

*

ስለ ልጆች ሕክምና የሰማሁት እጅግ ዝርዝር ግምገማ የተካሄደው ሳሪስ አዲሱ ሰፈር፣ አንድ የለቅሶ ድንኳን ጥግ ላይ ነው። የሰልስቱ ዋዜማ ነበር፤ ንፍሮ ይዞራል። ሟቿ ገና ትምህርት ቤት የገባች ልጅ ናት። እናትየው ነጠላዋን አዘቅዝቃ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ከጎኗ ያለችው ሴትም ከዓመታት በፊት ልጇን የቀበረች ናት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። የትኛዋ ሲስተር ደም ሥር በአንድ ጊዜ ታገኛለች፤ የትኛው ጥበቃ ከሰዓት ውጭ ምሳ ያስገባል፤ እሑድ ዕለት ልጅቷ ስትጮህ ለምን ሐኪም እንዳልተገኘ፤ የትኛው ሬዚደንት በአልጋ ቁጥሯ ሳይሆን በስሟ ይጠራት እንደነበር፤ የትኛው መድኃኒት «ከውጭ ግዙ» እንደተባለ። ሌላዋ በየመሀሉ «በኔም ጊዜ እንዲሁ ነበር» ትላለች።

ይህቺን «በኔም ጊዜ» አንድ የሆስፒታል የጥራት ኮሚቴ ቢሰማት ኖሮ በስንት ዓመት ውስጥ ምን እንዳልተለወጠ ያለ ጥናት ወጪ ያውቅ ነበር። ሰሚዎቹ ግን የእድሩ ዳኛ፣ ንፍሮ አዟሪዋና እኔ ነበርን።

*

«በሌላ ይካስሽ» አሏት እናትየውን አንድ ሽማግሌ። ከልባቸው ነው ያሉት። ሲወጡ ጠብቃ ለእህቷ፣ «እኔ እኮ እሷን ነው የምፈልገው» አለቻት።

*

በብዙ እድሮች ደንብ ለልጅ ሞት የሚከፈለው ለአዋቂ ከሚከፈለው ያንሳል። አመክንዮው ይገባኛል፤ ልጅ ቤት አያስተዳድርም። ግን ለወራት ልጅ ሲያስታምም የከረመ ቤት ቀብሩ ላይ የሚደርሰው ባዶውን ነው። ፍሪጁ ተሽጧል፣ አባት ከሥራ ቀርቶ ደመወዝ ተቆርጧል፣ ከዘመድ የተበደሩት አልተመለሰም። ይህን አንቀጽ ለማሻሻል በጠቅላላ ጉባኤው ላይ እጁን ማውጣት ያለበት ያየው ሰው ነው። ያየው ሰው ደግሞ በዚያ ዓመት ስብሰባ አይመጣም፤ እንዲያውም ስለቀረ ይቀጣል።

*

መርዶ በአገራችን ወግ አለው። ሽማግሌ ይመረጣል። በማለዳ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ይኬዳል። ብቻውን የሚኖር ከሆነ ጎረቤት አስቀድሞ ይነገረዋል። ስኳር አለበት ወይ? ደም ግፊትስ? ቁርስ ቀምሷል? ይህ ሁሉ ይታሰባል። ስልክ ደውሎ «እናትህ ሞታለች» ብሎ የሚዘጋ ሰው ቢገኝ ሰፈሩ ስሙን ዕድሜ ልኩን ያነሳዋል።

ይኸው ሕዝብ ሆስፒታል ሲገባ ግን መርዶውን ኮሪደር ላይ ይቀበላል። «ካንሰር ነው።» ከወራት በኋላ ደግሞ፣ «ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም፣ ቤት ውሰዱት።» አባት ቆሟል፣ በአንድ እጁ የምርመራ ወረቀት፣ በሌላው የምግብ ዕቃ። ስትሬቸር ሲመጣ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ከሩቅ ክፍለ ሀገር ከመጣ አማርኛውም ሙሉ ላይሆን ይችላል። ሐኪሙ ጨካኝ ሆኖ አይደለም፤ በሩ ላይ ሌላ መዓት ሰው አለ፣ አስቀምጦ የሚያነጋግርበት ክፍልም የለውም። ነገር ግን ልጃቸውን ያጡ ወላጆችን ከብዙ ዓመት በኋላ አነጋግሩ፤ የመድኃኒቱን ስም ረስተውታል፣ ያ ነገር የተነገራቸውን ቦታ ግን ከነግድግዳው ቀለም ይነግሯችኋል።

መርዶ የሰሙ ሁለት እናቶችና አንድ አባት ከዋርዱ ሰዎች ጋር ግማሽ ቀን ቢቀመጡ የሚጽፉት ደንብ አንድ ገጽ አይሞላም። ወንበር ይኑር። ዘመድ ይጠራ። በሩ ይዘጋ። በማግሥቱም እንደገና ይነገር፤ በመጀመሪያው ቀን «ካንሰር» ከሚለው በኋላ የተባለውን የሰማ ማንም የለምና።

*

ልጇ ካለፈ የቆየች አንዲት የሳሪስ እናት የሞርፊን መስጫዋን ስሪንጅ አሳየችኝ። አልጣለችውም። መርፌ የሌለው ፕላስቲክ ነው፤ ቁጥሮቹ በእጅ ብዛት ግማሾቹ ጠፍተዋል። አንዷ መስመር ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ተቀብቷል።

ሽሮፕ ሞርፊን በየአራት ሰዓቱ ነው የሚሰጠው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት፣ ከሌሊቱ ስድስት፣ ከሌሊቱ አስር። ከሌሊቱ አስር ሰዓት ላይ መብራት ጠፍቶ፣ በስልክ ባትሪ፣ እንቅልፍ ባጣ ዓይን ያቺን ደቃቅ ቁጥር ማንበብ ዘበት ነው። ስለዚህ ከእህቷ ልጅ የጥፍር ቀለም ወሰደችና መስመሯን ቀባቻት። ሐኪሙ መጠኑን ሲጨምርላት አሮጌውን በአሴቶን አጥፍታ ከፍ አድርጋ ቀባች። ማንም አላስተማራትም። እሷም ለማንም አላስተማረችም፤ ማን ጠይቋት? መድኃኒቱን የሚያስረክበው ፋርማሲስት በማርከር መስመር ቢያሰምር የሚፈጅበት ጊዜ ደረሰኙን ከመቁረጥ አይበልጥም።

ሌላም ነገረችኝ። ሞርፊኑ ሥቃዩን ያዘለት፣ ሆዱን ግን አደረቀው። ልጁ ሆዱን ይዞ ከበፊቱ ብሶ ማልቀስ ጀመረ። ጎረቤት «መድኃኒቱ ነው የጎዳው፣ ተይበት» አሏት። ተወችው። ሥቃዩ ተመልሶ መጣ። ሞርፊን ሆድ እንደሚያደርቅ፣ የሆድ ማለስለሻም ከመጀመሪያው ቀን አብሮ መታዘዝ እንዳለበት የማያውቅ የሕክምና መጽሐፍ የለም። ሳሪስ ድረስ ያልመጣችው ይቺው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት።

*

«ሞርፊን ሱስ ያስይዘዋል» ተብለው የነበሩ አያት፣ «ሱስ ይያዘው፣ ብቻ ይኑርልኝ» አሉ። ከዚህ የበለጠ መልስ ከየትም ስብሰባ አልሰማሁም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2012 እ.ኤ.አ. ለልጆች ሥቃይ ሕክምና ባለሦስት ደረጃ የነበረውን መሰላል ባለሁለት አደረገው። መሀል ላይ የነበረው ኮዴን ወጣ፤ አንዱ ልጅ ላይ አልሠራም ሲል ሌላው ላይ ከልክ ያልፋል። ሥቃዩ ቀላል ከሆነ ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን፣ ካየለ ሞርፊን። ወረቀቱ እንዲህ ግልጽ ነበር። ጠርሙሱ ጋ ስንመጣ ግን በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የላንሴት ኮሚሽን ሪፖርት እንደሚለው በዓለም በዓመት ከሚሠራጨው 298.5 ቶን ሞርፊንና ሞርፊን መሰል መድኃኒት ድሃ አገሮች ጋ የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው። በዚያው ሪፖርት ስሌት በየዓመቱ 2.5 ሚሊዮን ያህል ልጆች በከባድ ሥቃይ ውስጥ ይሞታሉ፤ ከ98 በመቶ በላይ የሚሆኑት በታዳጊ አገሮች ያሉ ናቸው።

*

ድህነት ሁሉንም ይገልጸዋል ለሚሉ፦ ዶክተር ጆአን ዎልፍና ባልደረቦቻቸው ቦስተን ውስጥ በካንሰር የሞቱ 103 ልጆችን ወላጆች አነጋገሩ። ውጤቱ የታተመው በ2000 እ.ኤ.አ. ነው። ከመቶ 89ኙ ወላጆች ልጃቸው በመጨረሻው ወር ቢያንስ በአንድ የሕመም ምልክት ብዙ ወይም እጅግ ብዙ ተሠቃይቷል አሉ። የሥቃይ ሕክምና ከተሰጣቸው ልጆች መካከል ተሳካ የተባለው 27 በመቶው ላይ ነበር። ሞርፊን ሞልቶ፣ ማሽን ሞልቶ፣ ነርስ ሞልቶ! ሐኪሞቹ መዝገብ ላይ ያሰፈሩት ወላጆች ካዩት ያነሰ ነበር፤ ለምሳሌ ስለ ድካም። ከዓመታት በኋላ በዚያው ከተማ ሌሎች ወላጆች ሲጠየቁ የልጆቹ ሥቃይ ቀንሶ ተገኘ።

*

አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው የአራት ዓመት ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር አጡ። በ1996 ዓ.ም. በልጃቸው ስም ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን መሠረቱ። ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ የካንሰር ሕሙማን ማረፊያ ከፈቱ፤ ስለ ካንሰር በአደባባይ ማውራት በሚያስፈራበት ጊዜ አወሩ። የትንባሆ ቁጥጥሩ ዘመቻ ላይም ግንባር ቀደም ሆኑ፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሲጸድቅ ከሲጋራው ፓኬት 70 በመቶው በሥዕላዊ ማስጠንቀቂያ እንዲሸፈን ተደነገገ። ተስፋ አዲስም እንዲሁ በካንሰር ሕሙማን ልጆች ወላጆች የቆመ ድርጅት ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለሕክምና ከሩቅ የሚመጡ ልጆች ከነአስታማሚዎቻቸው የሚያድሩበት ቤት አለው። በፊትማ የት ነበር የሚታደረው? ኮሪደር ላይ፣ ግቢ ውስጥ፣ ዘመድ ያለው ዘመድ ጋ።

እንግዲህ ልጁን የቀበረ አባት በአገራችን ድርጅት ያቆማል፣ ቤት ይከራያል፣ የምክር ቤት አባላትን አሳምኖ ሕግ እስከማስወጣት ይዘልቃል። ብዙ ቦታ የሚከብደው ከዚህ ሁሉ ያነሰ ነገር ነው፦ ዋርዱ ውስጥ ያለችውን ጠረጴዛ ከብቦ፣ «ለወላጅ ማን፣ መቼ፣ እንዴት ይንገር?» በሚባልበት ጊዜ አብሮ መቀመጥ። ውጭ ያለውን ጉድለት እንዲሞሉ እንፈቅድላቸዋለን። ውስጥ ያለውን እንዲነኩ ግን አንጠራቸውም።

*

ወርክሾፕ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ሐይቅ ዳር። ርዕሱ «ቤተሰብን ያማከለ ሕክምና»። ልጇን ያጣች እናት «ምስክርነት» እንድትሰጥ ተጋበዘች። አለቀሰች፤ አዳራሹም አለቀሰ። ተጨበጨበላት። ከዚያ የሻይ እረፍት። ከእረፍት መልስ ምክረ ሐሳቡ ሲረቀቅ እሷ ወደ አዲስ አበባ የሚመልሳትን መኪና እየጠበቀች ነበር። አበሉ ለ«ባለሙያዎች» ነው፤ ለእሷ የትራንስፖርት ተብሎ በፖስታ ተሰጣት። እንባዋን ፈልገውት ነበር። የጥፍር ቀለሙን ዓይነት ነገር ግን ማንም አልጠየቃት።

*

ኦክስፎርድ ላይ በ1982 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ሔለን ሐውስ በዓለም የመጀመሪያው የልጆች ሆስፒስ ነው። የተጀመረው ሲስተር ፍራንሲስ ዶሚኒካ የተባሉ መነኩሲት በጠና ከታመመች ሔለን ከምትባል ልጅ ወላጆች ጋር ከመሠረቱት ወዳጅነት ነው። መነኩሲቷ ወላጆቹ ትንሽ እንዲያርፉ ልጅቷን አልፎ አልፎ እየወሰዱ ያሳድሯት ነበር። አስታማሚ የሚፈልገውን ስትጠይቁት የመጀመሪያ መልሱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ እንቅልፍ።

እኛ ለታመመ ልጅ ብርቱካንና ጁስ ይዘን እንጠይቃለን፣ አይዞሽ ብለን ሳይመሽ እንሄዳለን። ልጁ ሲሞት ደግሞ ድንኳን ውስጥ እናድራለን። ለለቅሶ ያደርንባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ሕመሙ ላይ አንድ ሌሊት ተክተን እናትየውን ያስተኛንባቸው ስንት ይሆኑ?

*

አባቶች የሚያወሩት ስለ ብር ነው። ኤምአርአይ ስንት፣ ደም ስንት፣ ራይድ ስንት። ልባቸው የደነደነ የሚመስለው ሰው አለ። ሳላቋርጥ ጨርሼ ሳዳምጥ ግን ቁጥሩ ያለቀሱበት ነው።

*

ልጁ አልጋው ላይ ነቅቶ ተኝቷል፤ ዘመዶች እግርጌው ቆመው «አይሰማም» እያሉ ስለ እሱ ያወራሉ። ይሰማል። የማውቃቸው ቤተሰቦች ልጅ፣ ሁለተኛ ክፍል የነበረ፣ ማንም ምንም ሳይነግረው አንድ ቀን የትምህርት ቤት ቦርሳውን ከፍቶ እርሳሱንና መቅረጫውን አወጣና ለታናሽ ወንድሙ አስረከበው። እናቱ «ምን ታደርጋለህ? ነገ ያስፈልግሃል» ብላ መልሳ ከተተችው። እሱ ዝም አለ። ያ «ነገ ያስፈልግሃል» እስከ ዛሬ ይቆጫታል።

በስዊድን በካንሰር ልጃቸውን ያጡ 429 ወላጆች ስለዚሁ ተጠይቀው ነበር፤ ጥናቱ የወጣው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። ከልጃቸው ጋር ስለ ሞት ያወሩት 147 ናቸው። ከእነሱ ውስጥ አንድም የተጸጸተ አልነበረም። ካላወሩት መካከል ከመቶ 27ቱ ምነው ባወራን ኖሮ ብለዋል። ስዊድን ሳሪስ አይደለችም። እዚህ ለልጅ ሞቱን መንገር ተስፋውን መንጠቅ ነው የሚል፣ ሟርት ነው የሚል፣ እግዚአብሔር ያውቃል የሚል ሰው መሀል ነን። እናስ? እዚሁ ያሉትን ወላጆች መጠየቅ ነዋ።

*

ካርዱ ላይ «ሕክምና ያቋረጠ» የሚባለው ልጅ ብዙ ጊዜ የት እንዳለ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፤ ጠበል ቦታ ነው። ወላጅ ይህን ለሐኪም አይናገርም፣ እንዳይቆጣው። ሐኪሙም አይጠይቅም፣ እንዳይዋሸው። በ1999 ዓ.ም. የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ሲናገሩ፣ መድኃኒቱን ደብቀው ይውጡ ለነበሩ ሰዎች ትልቅ እፎይታ ነበር። ለልጆች ኬሞና ሞርፊንም ያን የመሰለ ቃል ያስፈልጋል። የትኛው ጠበል ቦታ ያሉት አባት «መድኃኒቱንም ይዛችሁ ኑ» እንደሚሉ የሚያውቁት ደግሞ ልጃቸውን እዚያ ያስጠመቁ እናቶች ናቸው። የእስልምናም የፕሮቴስታንትም ቤተሰቦች የየራሳቸው በር አላቸው፤ እሱንም የሚያውቀው ያንኳኳው ነው።

*

«አታስታውሷት፣ ቁስሏን አትንኩባት።» ይህ የደግነት ቃል ስንቱን አፍ ዘግቷል! አጥኚዎቹ የስዊድኖቹን ወላጆች ራሳቸውን «መጠየቃችሁ ምን አደረጋችሁ?» ብለው ጠይቀዋቸዋል። ጥያቄው ጠቃሚ ነው ያሉት 99 በመቶ ናቸው። 28 በመቶዎቹ መጠየቁ እንደከበዳቸውም አልደበቁም። ሁለቱም አብረው እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ይከብዳል፣ ይጠቅማልም። ደግሞስ የምትረሳ ይመስል «አታስታውሷት» ማለት ምን ማለት ነው?

ጊዜውን መምረጥ ግን ግድ ነው። አርባው ሳይወጣ ፎርም ይዞ መምጣት ነውር ነው። የሚጠይቀውም የማታውቀው ሰው ባይሆን ይመረጣል። በ2003 እ.ኤ.አ. በሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን የተመሠረተው የሆስፒስ ኢትዮጵያ ነርሶች ታካሚው ቤት ድረስ ይሄዳሉ። እንዲህ ያለች፣ ልጁ በሕይወት እያለ ቤቱን የምታውቅ ነርስ ለቅሶም ብትደርስ ማንም አይገረምም። ቡና ሲፈላ ቁጭ ብላ «ምን አጎደልንባችሁ?» ብትል መልስ ታገኛለች። ጤና ሚኒስቴር ብሔራዊ የፓሊየቲቭ ኬር መመሪያ አለው፤ ይህቺ የቡና ሰዓት በመመሪያው እንደ ሥራ ሰዓት ብትቆጠር ምን ነበረበት።

*

አንዲት እናት ልጇን ከቀበረች ከሳምንታት በኋላ ስልኳ ይጠራል። ልጇ ከታከመበት ቦታ ነው። «ቀጠሮ ቀርታችኋል፣ በደኅና ነው?»

አልተናደደችም። ከዚያ ግቢ ማንም ደውሎላት ስለማያውቅ እንዲያውም ደስ ሊላት ምንም አልቀራትም። «አርፏል» አለቻት። የደወለችው ልጅ ደነገጠች፣ «ውይ፣ ነፍስ ይማር፣ እሺ ከዝርዝሩ አወጣዋለሁ» ብላ ዘጋችው።

«ትንሽ ብትቆይ የምነግራት ነበረኝ» አለችኝ። ምን? አልኳት። በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ሌሊት ስልክ የሚያነሳ ሰው ይኑር፣ ሲስተርም ብትሆን። አስከሬን የሚያወጣው መኪና ከየት እንደሚጠራ፣ በየትኛው መስኮት ምን ወረቀት እንደሚጠየቅ አስቀድማችሁ ለአንድ ዘመድ ንገሩ፣ ለእናት አይደለም። ልብሱን በጥቁር ፌስታል አታስረክቡ። በመጨረሻው ሳምንት ታናናሾቹን አስገቡለት፤ ጥበቃው «ልጅ አይገባም» ብሎ መልሷቸዋል። «ደግሞ» አለች፣ ጣቷ አልቆ ወደ ሌላኛው እጇ እየተሻገረች፣ «ያልተከፈለ ሒሳብ አለብሽ ከተባልኩ በኋላ አይደለም አይዞሽ የሚባለው፤ ከዚያ በፊት ነው።»